ጥናቱ ለዓለም ተከፈተ፤ ለደምበጫስ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ሳያይ አያልፍም። ከመኪናው መስኮት የሚታየው የበቆሎ ማሳ፣ ባሕር ዛፍና ቀይ አፈር ነው። በዚያ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ገበሬ እግር ልብ ብሎ የሚያይ መንገደኛ ግን ብዙ አይደለም።

ልብ ብለው ያዩ ሰዎች ነበሩ። በግንቦት 2003 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ወረዳና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳ፣ በዕጣ በተመረጡ 20 ቀበሌዎች ውስጥ የሚገኙ 17,553 ቤቶች በሙሉ ለአንድ ጥናት ተዳረሱ። የተፈለገው በትንኝ ሳይሆን በአፈር ምክንያት የሚመጣው የዝሆኔ በሽታ ነበር። ሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ዮርዳኖስ ሞላና ባልደረቦች ያካሄዱት ይህ ጥናት በ2004 ዓ.ም. ታተመ። ያተመው ፐብሊክ ላይብረሪ ኦፍ ሳይንስ (በአጭሩ ፕሎስ) የተባለው ተቋም፣ ችላ ለተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ባቋቋመው የኢንተርኔት ጆርናል ነው።

ይህ ጆርናል ክፍት ነው። ቶኪዮ ያለ ተማሪም ሆነ ሊማ ያለ ሐኪም፣ ሳይከፍልና ሳይመዘገብ፣ ስለ ደምበጫ ሰው እግር የተጻፈውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነባል። የደምበጫ ገበሬ ግን አያነበውም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚገኘውም በኢንተርኔት ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሳይንሳዊ ጥናት እንዴት እንደሚታተም፣ «ክፍት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ሕጋችን ምን እንደሚፈቅድና እስካሁን ያልተከፈተው በር የትኛው እንደሆነ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጥናቱ ምን አለ?

በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንየው። ጥናቱ በተካሄደባቸው ቀበሌዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ነዋሪዎች መካከል 3.3 በመቶው በሽታው ነበረባቸው። ቁጥሩ ለጆሮ ትንሽ ይመስላል። ሦስት ሺህ አዋቂዎች ባሉበት ቀበሌ መቶ ያህል ሰው ማለት መሆኑን ስናስብ ግን ትንሽ አይደለም። አጥኚዎቹ 1,704 ሕሙማን አግኝተው በዝርዝር ጠይቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ 87 በመቶው ከ15 እስከ 64 ዓመት ባለው የሥራ ዕድሜ ላይ ነበሩ። እያንዳንዱ ሕመምተኛ በአማካይ በዓመት አምስት ጊዜ በትኩሳትና በሕመም ይወድቃል፤ በጠቅላላው በዓመት 90 ቀን ያህል በዚህ ሁኔታ ያሳልፋል። ዘጠና ቀን ማለት ለገበሬ አንድ ክረምት ነው። ያረሰው ሳይዘራ፣ የዘራው ሳይታረም ሊቀር ይችላል።

ከሁሉ በላይ እኔን የያዘኝ ሌላ ቁጥር ነው። ሕሙማኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረጉበት መካከለኛ ዕድሜ 22 ዓመት ነበር። መካከለኛ ማለት ሰዎቹን በዕድሜ ቅደም ተከተል ብናሰልፋቸው ከመሐል የሚቆመው ማለት ነው። ስለዚህ ግማሽ ያህሉ እስከ 22 ዓመታቸው ድረስ ጫማ አያውቁም ነበር። በተጠየቁበት ዕለትም 23.6 በመቶው በባዶ እግራቸው ነበሩ፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው። እብጠቱ ከጀመራቸው በኋላም ሕክምና እስኪፈልጉ ድረስ በአማካይ አምስት ዓመት ቆይተዋል።

ለምን ቆዩ? በአገራችን በየአካባቢው ስለዚህ በሽታ የሚነገረውን ማስታወስ ይበቃል። እርግማን ነው፣ የዘር ነው፣ ያልሆነ ነገር ረግጦ ነው ይባላል። ሕመምተኛው ይደበቃል። ልጁም ለጋብቻ ሲታጭ «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሳይንሱ የሚለው ግን ሌላ ነው። ለበሽታው ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ ስሙም እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ሥሮችን ያስቆጣሉ። ሥሮቹ እየጠበቡና እየተደፈኑ ሲሄዱ ፈሳሽ እግር ላይ ይጠራቀማል። ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው ይድናል። የታመመም ቢሆን እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በውኃ በማጠብ፣ ቆዳውን በቅባት በማለስለስ፣ በመጠቅለልና ጫማ በማድረግ ይሻለዋል። ይህ ግምት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ በ696 ሕሙማን ላይ የተካሄደና በላንሴት ግሎባል ሄልዝ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው፣ ይህን ቀላል እንክብካቤ ያገኙት ሕሙማን በሕመም የሚወድቁበት ጊዜ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በ19 በመቶ ገደማ አንሷል። ላንሴት ግሎባል ሄልዝም ክፍት ጆርናል ነው።

እንግዲህ እውቀቱ አለ፤ መድኃኒቱ ሳሙና፣ ውኃና ጫማ ነው። ከእውቀቱ እስከ እግሩ ያለው መንገድ ነው የረዘመው።

ጆርናል እንዴት ይሠራል?

ከሙያው ውጭ ላለ አንባቢ የሳይንስ ኅትመት አሠራር ግራ የሚያጋባ ነው። አንድ ተመራማሪ ጥናቱን ይጽፍና ለጆርናል ይልካል። አዘጋጁ ለሙያው አቻዎች ያስገመግመዋል። ገምጋሚዎቹ ይህ ስሌት ትክክል ነው ወይ፣ ይህ መደምደሚያ ከመረጃው ይወጣል ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ጸሐፊው አርሞ ይመልሳል፤ ከዚያ ይታተማል። ለንደን ውስጥ የሮያል ሶሳይቲ ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1665 ከተጀመረ ወዲህ አሠራሩ ብዙ ቢሻሻልም መሠረቱ ይኸው ነው።

አስገራሚው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው አይከፈለውም። ገምጋሚውም እንደ ልማዱ አይከፈለውም። ጥናቱን ያስጠናው ብዙ ጊዜ የመንግሥት ወይም የለጋሽ ገንዘብ ነው። አሳታሚው ግን የቅጂ መብቱን በፊርማ ይረከብና ጽሑፉን ለቤተ መጻሕፍት መልሶ ይሸጣል። በሌላ አነጋገር ሕዝብ በከፈለው ገንዘብ የተገኘውን እውቀት ሕዝብ ሊያየው ሲፈልግ እንደገና ይከፍላል። የሕግ ሰው እንደመሆኔ ብዙ ውል አንብቤያለሁ፤ አንደኛው ወገን ሁሉን ሰጥቶ ምስጋና ብቻ የሚቀበልበት እንዲህ ያለ ውል ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

በዚህ ላይ ተቃውሞ የተነሣው ኢንተርኔት ሲስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ቡዳፔስት ላይ የወጣው መግለጫ በአቻ የተገመገሙ ጥናቶች በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበቡ አለ። በ2003 የበርሊን መግለጫ ተከተለ። በዚያው ዓመት ፕሎስ የመጀመሪያ ጆርናሉን አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ፤ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የሚገኙ ተቋማት ውድ የሆኑ የሕክምና ጆርናሎችን ያለ ክፍያ እንዲያነቡ አስቻለ። ሂናሪ ትልቅ ውለታ ነው፤ ነገር ግን የሚያገለግለው የተመዘገበ ተቋም አባላትን ነው። የክፍት ኅትመት ሐሳብ ከዚህ ይለያል። በሩ ላይ ዘበኛ የለም።

ማን ይከፍላል?

ነጻ የሚባል ነገር ሁሉ የሆነ ሰው ሒሳብ ላይ ያርፋል። በክፍት ጆርናሎች ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው አንባቢው ሳይሆን ጸሐፊው ወይም የምርምሩ ገንዘብ ሰጪ ነው። ለአንድ ጽሑፍ ከ2,000 ዶላር በላይ የሚጠይቁ አሉ። ይህን የኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከደመወዙ አይከፍልም። ፕሎስና ሌሎች ለድሃ አገሮች ጸሐፊዎች ክፍያውን የሚያነሡት ለዚህ ነው።

ይህ አሠራር አንድ መዘዝም አመጣ። ገንዘቡን ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ፣ ስማቸው ታላቅ ሥራቸው ባዶ የሆኑ ጆርናሎች እንደ አሸን ፈሉ። ጄፍሪ ቢል የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የእነዚህን ስም ዝርዝር እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ በድረ ገጹ ያወጣ ነበር። የመምህራን ዕድገት በታተመ ጽሑፍ ቁጥር በሚለካበት ቦታ ሁሉ ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ገበያ አይጠፋም። ስለዚህ አንባቢ «ክፍት ነው» ሲባል «ማን ገመገመው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

መልካም ምሳሌም አለ። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ የተያዙ አዋቂዎች ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ሊሆን እንደሚችል የገመቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 በዌልካም ኦፕን ሪሰርች ወጥቷል። በዚህ መድረክ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ገምጋሚዎቹ ያሉትም ከነስማቸው ለሁሉም ይታያል። ስሌቱ ሰፊ የግምት ክልል እንዳለውም አጥኚዎቹ ራሳቸው በግልጽ ጽፈውታል። ቁጥሩን የሚጠቅስ ጋዜጠኛ ይህንንም አብሮ መጥቀስ ይገባዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ጋዜጠኞችና የጤና ባለሙያዎች «የሰው ጥናት ተርጉሜ ባወጣ እከሰሳለሁ» ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከሕጉ ይበልጣል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 5ን እንመልከት። ሐሳብ፣ ዘዴ፣ ግኝትና ተራ መረጃ በቅጂ መብት አይጠበቁም። የሚጠበቀው አገላለጹ ነው፤ ማለትም ጸሐፊው የመረጣቸው ቃላትና ያዋቀረበት መንገድ። «በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ከመቶ አዋቂ ሦስቱ ታመዋል» የሚለው እውነት የማንም ንብረት አይደለም። ማንም በራሱ ቃላት ሊናገረው፣ ሊጽፈው፣ በሬዲዮ ሊያሰማው ይችላል። ምንጩን መጥቀስ ደግሞ ሙያዊ ጨዋነት ነው።

ፕሎስ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ጽሑፎቹን የሚያወጣው ክሪየቲቭ ኮመንስ በሚባለው የፈቃድ ዓይነት፣ ያውም ስም ከመጥቀስ በስተቀር ብዙም ግዴታ በሌለበት ነው። በዚህ ፈቃድ ጽሑፉን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መተርጎም፣ ማባዛት፣ በጋዜጣ ማውጣት፣ ለትርፍ እንኳ ቢሆን መጠቀም ይቻላል። የሚጠበቅብን የጸሐፊዎቹን ስም፣ የጽሑፉን ምንጭና ፈቃዱን መጥቀስ፣ ለውጥ ካደረግንም መናገር ብቻ ነው። ፈቃጁ አስቀድሞ ፈቅዷል። ደብዳቤ መጻፍም ሆነ ማኅተም መጠበቅ አያስፈልግም።

ከፍ ሲልም መብት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው ከሳይንስ እድገት የመጠቀም መብት አለው ይላል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። አንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነጻነትን ያረጋግጣል። የደምበጫ ሰው ስለ እግሩ የተጻፈውን ማወቁ ችሮታ አይደለም።

መንግሥትም አንድ ትልቅ እርምጃ ወስዷል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አወጣ። በሥሩ የነበሩት 47 ዩኒቨርሲቲዎች በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የምርምር ጽሑፎችን፣ የመመረቂያ ሥራዎችንና መረጃዎችን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ አዘዘ። ለዚህም ብሔራዊ የዲጂታል ማከማቻ ተዘጋጀ። ለአፍሪካ ምሳሌ የሚሆን ሥራ ነው።

ያልተከፈተው በር

ታዲያ በዋጋ በኩል ያለው በር እየተከፈተ ከሆነ ምን ቀረ? ቋንቋው ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ስንጨዋወት የደምበጫውን ጥናት ቁጥሮች በአማርኛ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ጋሼ፣ እኔ ጫማ አድርጉ ስላቸው የከተማ ምክር ይመስላቸዋል፤ ይኼ የጎረቤታችሁ ቁጥር ነው ብላቸው እኮ ሌላ ነው» አለችኝ። ንግግሯ ብዙ ትምህርት አለው። የአገር ቤት ሰው ከሩቅ የመጣ ምክርን በጥርጣሬ ያያል፤ የራሱን አገር ወሬ ግን ይመዝናል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የተመለመሉት አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በእያንዳንዱ ቀበሌ ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ናቸው። በምርምር እንግሊዝኛ የተጻፈ አሥር ገጽ አንብበው ለእናቶች ያስረዱ ማለት ግን የማይሆን ነገር ነው።

ሁለተኛው ችግር መስመሩ ነው። በነሐሴ ወር 2023 (እ.ኤ.አ.) በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተቋርጦ ቆየ። በእነዚያ ወራት ለመላው ዓለም ክፍት የሆነ ጆርናል ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ዝግ ነበር። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ተደራሽነት በአንድ ትእዛዝ እንደሚጠፋ አይተናል።

ሦስተኛው እኛን ይመለከታል። የአማርኛ ጋዜጦችና ሬዲዮኖች የሳይንስ ዓምድ አላቸው። ዓምዱ ብዙ ጊዜ ከውጭ ዜና ወኪሎች የተቀዳ ነው። ስለ ማርስ አፈር የተባለውን አንባቢያችን ያውቃል። ስለ ደምበጫ አፈር የተባለውን ግን አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ።

መተርጎም ብቻውን አይበቃም

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ወላይታ ውስጥ ባደረጉት የዘረመል ጥናት፣ ለበሽታው መጋለጥ ከዘር ጋር የተያያዘ ክፍል እንዳለው ታይቷል። ሁሉም በባዶ እግር እየሄደ ሁሉም የማይታመመው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ይህን እውነት በግዴለሽነት «በሽታው በዘር ነው» ብሎ በአማርኛ የጻፈ ጋዜጠኛ ምን እንደሚያደርስ አስቡት። የቆየውን መገለል ሳይንስ ያጸደቀው ያስመስላል፤ የአንዲት ልጅ ጋብቻ ሊፈርስም ይችላል። አጥኚዎቹ ራሳቸው መገለሉ ሰዎች በጥናቱ ለመሳተፍ በሚሰጡት ፈቃድ ላይ እንኳ ምን ተጽዕኖ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2009 ለብቻው አጥንተው አሳትመዋል። ትክክለኛው አነጋገር «አንዳንድ ቤተሰብ ለአፈሩ ይበልጥ ይጋለጣል፤ ጫማ ያደረገ ልጅ ግን ከማንም ቤተሰብ ቢወለድ ይጠበቃል» የሚል ነው። ይህን አሳምሮ መጻፍ የሚችለው ተመራማሪውና ጋዜጠኛው አብረው ሲቀመጡ ነው።

ምን ይደረግ?

ሐሳቤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንደኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ወይም ከሕዝብ መረጃ የተሰበሰበበት ማንኛውም ጥናት ወደ ብሔራዊ ማከማቻው ሲገባ፣ ጥናቱ በተካሄደበት አካባቢ ቋንቋ የተጻፈ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ አብሮ ይግባ። ለመመረቂያ ጽሑፍም ይህ ገጽ ከሌለ ሥራው አልተጠናቀቀም ይባል። ለደምበጫ በአማርኛ፣ ለወላይታ በወላይትኛ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ገጹ በወረቀት ታትሞ ወደ ወረዳው ጤና ወይም ግብርና ጽሕፈት ቤት ይመለስ። መረጃ ሰብሳቢ 17,553 ቤት አንኳኩቶ መረጃ መውሰድ ከቻለ፣ ውጤቱን ይዞ ወደ 20 ቀበሌ መመለስ አያቅትም። ለግብርናም ያው ነው። አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ምዕራብ ጎጃም ማሳ የሚያጠናው ነገር መጨረሻው የቡሬ ገበሬ ጆሮ እንጂ የመደርደሪያ አቧራ መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፣ የመምህራን ዕድገት ሲመዘን በውጭ ጆርናል ለወጣ ጽሑፍ ነጥብ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ በአገር ቋንቋ በሬዲዮና በጋዜጣ ለተላለፈ ሥራም ነጥብ ይሰጥ። ሰው በሚመዘንበት ነገር ይተጋልና።

አራተኛው ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። ፈቃዱ ተሰጥቶናል፤ ጽሑፎቹም አሉ። በየሳምንቱ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት መርጦ፣ ለአጥኚው ደውሎ፣ በሚገባ አማርኛ ማቅረብ ከማንኛውም የዝግጅት ክፍል አቅም በላይ አይደለም።

አንድ የምዕራብ ጎጃም ልጅ ዘንድሮ አምስት ዓመት ቢሞላው፣ ጫማ የሚያደርገው አሁን ወይም በ22 ዓመቱ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙ ነገር ነው፤ ድህነቱ አለ፣ የጫማው ዋጋ አለ፣ ልማዱ አለ። እናቱ ስለ አፈሩ የሚታወቀውን በራሷ ቋንቋ አለመስማቷ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ መቀጠል የለበትም። ይህኛው በአንድ ገጽ ወረቀት የሚቃለል ነው።